ሐሳብ ላሳቢው!

(«ዝምታ ፈሪነት ነው» ላለው ወንድማችን የተሰጠ መልስ)

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «ዝምታ ፈሪነት ነው» በሚል ርእስ የጻፈውን አነበብን። ብዕሩ ስል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ እንዲያውም አስቆናል። የነገሩ ፍሬ ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ የፈጠራ ሥራ በሚሠራበት ቦታ፥ ማለትም በማስታወቂያ ድርጅት፥ በሬዲዮ ጣቢያ፥ በፊልም ሥራ፥ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፥ የማይናገር ሰው ቦታ የለውም። ስለዚህ ዝምተኛው ተማሪ ሳይመረቅ አፉን ይፍታ። አልፈታም ካለ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ይቁጠር!

እሺ። እኛ የተሰደብነው ወገኖች ተሰባስበን ሁለት ምሽት ተወያየን። (ተወያየን ስንል አብዛኛውን ሰዓት ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር ማለታችን ነው፤ ወንድማችን ይሳቅበት።) በመጨረሻ ግን በአንድ ነገር ተስማማን፤ ይሄ ነገር መልስ ያስፈልገዋል። መልሱም በጽሑፍ ይሁን። መድረክ ላይ ብንገጥመው ወንድማችን እንደሚረታን እናውቃለን። ቢረታን ግን እውነት ከርሱ ጋር ስለቆመች አይደለም፤ ድምፁ ስለሚጎላ ነው። የክርክራችን ሥርም እዚሁ ላይ ነው ያለው።

፩. ልደታ ላይ ያየነው

ወሬ ከምናበዛ ያየነውን እንናገር። ባለፈው ክረምት ከክፍላችን ሦስት ተማሪዎች ለሥራ ልምምድ ልደታ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የማስታወቂያና የዲዛይን ድርጅት ተላክን። የድርጅቱን ስም አንጠራም፤ ጠባችን ከአንድ ቤት ጋር ሳይሆን ከአንድ ልማድ ጋር ነው። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮት ሲያዩ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮው መንደር ፈርሶ የተተከሉት ኮንዶሚኒየሞች ተደርድረው ይታያሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ ባቡር መስመርም በዚያው ሰፈር ያልፋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከልደታ ማርያም የሚመጣው ዜማ ጠረጴዛችን ድረስ ይሰማል።

ይሰማ ነበር ማለት ይሻላል፤ ስፒከሩ እስኪከፈት ድረስ። ቢሮው ውስጥ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፥ ዙሪያውን አሥራ ምናምን ሰው፥ ጥግ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጋ ሙዚቃ። አለቅየው ገና በመጀመሪያው ቀን ሰብስበው፥ «ልጆች፥ እዚህ ቤት ሁሉም ይናገራል። ሐሳብ የሚመጣው በጨዋታ ነው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልወድም» አሉን። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ምሳ ይጋብዙናል፤ ሲመሽ የታክሲ ይሰጡናል። ግን ያቺ ንግግራቸው ለሁለት ወር ሙሉ እንደ ሕግ ስትገዛን ከረመች።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሐሳብ ማፍለቂያ ስብሰባ አለ። ሥራው ይነገራል፤ ወዲያው «እሺ፥ ጀምሩ!» ይባላል። ፈጥኖ ያወራ ሰው ሐሳቡ ሰሌዳ ላይ ይጻፍለታል። ያሰበ ሰው ገና እያሰበ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰሌዳው ይሞላና «ይበቃል፥ ጥሩ ነው» ተብሎ ይበተናል።

አንድ ሰኞ የአንድ ጃንጥላ ነጋዴ ሥራ መጣ፤ ለሬዲዮ የምትሆን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ስብሰባው ምንም ሳያፈራ አለቀና ለማክሰኞ ተቀጠረ። ከሦስታችን አንዷ፥ እኅታችን፥ ሰኞ ማታ ቤቷ ሄዳ ስትጽፍና ስትሰርዝ አመሸች። ማክሰኞ ጠዋት በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ አራት ሐሳብ ጽፋ መጣችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዝናቡ የሰማይ ነው፤ መንገዱ ግን የእርስዎ።»

ስብሰባው ተጀመረ። እኅታችን ተራ እስኪደርሳት ትጠብቃለች። ተራ የሚባል ነገር ግን አልነበረም! ከጎኗ የተቀመጠ አንድ አፈ ጮሌ ባልደረባ ወረቀቱን በዓይኑ ቃኘት አደረገና ብድግ አለ። «እኔ የመጣልኝ ነገር ምን መሰላችሁ…» ብሎ ሦስተኛዋን መስመር፥ ቃል ሳይጎድላት፥ እጁን እያወናጨፈ ተናገራት። ጭብጨባ ሆነ። አለቅየው፥ «ይሄ ነው እኔ የምፈልገው መንፈስ!» አሉ። እኅታችን ቀና ብላ አየችን። እኛ ሁለታችን ወረቀቱን አስቀድመን አንብበነዋል፤ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ምን አደረግን? ወደዚህ እንመለስበታለን።

ልምምዱ ሲያልቅ የግምገማ ቅጽ ተሞላልን። በእኅታችን ቅጽ ላይ የተጻፈው፦ «ታታሪ ናት፤ ነገር ግን አትሳተፍም።» ለሁለታችንም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ተጻፈልን። ለአፈ ጮሌው ግን ቋሚ ቅጥር!

፪. ጭምት ማን ነው?

ወንድማችን በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ሰዎችን አንድ ጆንያ ውስጥ ከቷል። አንዱ ፈሪ ነው፤ የሚናገረው አለው፥ መዘዙን ይሰጋል። ሁለተኛው ዓይን አፋር ነው፤ ሰው መሀል ሲገባ ልቡ ይመታል፥ ላብ ያጠምቀዋል፥ መናገር እየፈለገ ያቅተዋል። ሦስተኛው ጭምት ነው። ጭምት ሰው ሰውን አይፈራም፥ አይጠላምም። ብዙ ሰውና ብዙ ጫጫታ ያደክመዋል፤ ሐሳቡ የሚጠራለት ለብቻው ሲሆን ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ብታስቀምጥለት እስኪነጋ ሊያወጋ ይችላል።

ስዊሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ «ኢንትሮቨርት» እና «ኤክስትራቨርት» የሚሉትን ቃላት በዓለም ያሰራጨው ይህንን ልዩነት ለማስረዳት ነበር። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚያዘነብልና ወደ ውጭ የሚያዘነብል ማለቱ ነው። አንዱ ጤነኛ ሌላው በሽተኛ ነው አላለም። እኛ ግን ዩንግን አንጠብቅም፤ ጥንትም ቃል አለን። «ጭምት» ስንል ስድብ አይደለም፥ ምስጋና ነው። «ጭምት ልጅ ናት» ሲባል ያልሰማ ማን አለ?

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሴት ልጅ በቤቷ ጭምት ሁኚ ተብላ ታድጋለች። እንግዳ ሲመጣ ቡና ታቀርባለች፥ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች፥ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ አትገባም። ይህን ስታደርግ «የተባረከች» ትባላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ አሳድገን፥ አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ወስደን «ለምን አትናገሪም? ምን ሆነሻል?» እንላታለን! እኛው ያስተማርናትን ትምህርት እኛው ጥፋት ብለን ቅጽ ላይ እንጽፍባታለን። ይሄ ፍርድ ነው?

ሌላም አለ። ከክፍለ ሀገር የመጣ፥ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረ፥ አነጋገሩ ላይ ትንሽ ለየት ያለ ቅላጼ ያለው ተማሪ፥ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ ከተሳቀበት ሁለተኛ አይከፍትም። ያ ልጅ በተፈጥሮው ጭምት ላይሆንም ይችላል፤ ጭምት ያደረግነው እኛ ነን። «አይሳተፍም» የምትለዋ ቃል የስንቱን ኃጢአት እንደምትሸፍን አያችሁ?

፫. «ባህላችን የአንደበት ባህል ነው» ለሚሉ

ወንድማችን አባቶችን ጠርቶብናል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ጠቅሷል። የድሮው ሙግት፥ በላ ልበልሃው፥ የአንደበት ጦርነት ነበር ብሎናል። እውነት ነው። ግን ተረት ከሆነ እኛም አለን፤ «ዝም አይነቅዝም» ያሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው። የተረት ግጥሚያ እኩል ለእኩል ይወጣል። ወደ ሥራው እንግባ።

አገራችን ካፈራቻቸው የፈጠራ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጥንታዊውና ጥብቁ የቅኔ ቤት ነው። ዋሸራን፥ ጎንጅን፥ ዋድላን አስቡ። የቅኔ ተማሪ እንዴት ይሠራል? መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፥ ምሥጢሩን ያስረዳሉ። ከዚያ ተማሪው ይበተናል። ወደ ዱሩ፥ ወደ ዛፉ ጥላ፥ ወደ መቃብር ቤቱ ጥግ ለየብቻው ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል። ቆጠራ ይሉታል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ድረስ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይነግራል፤ ነገራ ይሉታል። መምህሩ ያርማሉ፥ ያቃናሉ። በመጨረሻም በቅኔ ማሕሌት መሀል ቆሞ በጉባኤ ፊት ያሰማል።

ልብ አድርጉ! መጀመሪያ ብቻነት፥ ከዚያ አንድ ሰሚ፥ ከዚያ ጉባኤ። የልደታው ቢሮ ግን ከጉባኤው ይጀምርና እዚያው ያበቃል። ቆጠራ የለም፥ ነገራ የለም፥ ጩኸት ብቻ። የቅኔ መምህር ተማሪዎቹን አሰልፈው «እሺ፥ መወድስ ጀምሩ! ፈጠን በሉ!» ቢሉ ምን ዓይነት ቅኔ እንደሚወጣ ለወንድማችን ግምት እንተወዋለን።

የእኛን የተማሪዎችን ታሪክም አንሥቷል፤ በ1950ዎቹ በኮሌጅ ቀን መድረክ ላይ የተነበቡትን ግጥሞች። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ርእሱ ራሱ «ይናገራል» ነው ይላል። እውነት ነው፤ መድረኩን ያናወጠው ንባቡ ነበር። ግን የተነበበው ግጥም ነው፤ ግጥም ደግሞ በሰሌዳ ፊት በሃያ ደቂቃ ጩኸት አይጻፍም። ደሃው ከመናገሩ በፊት አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ጽፎለታል።

፬. ከልደታ ፍርድ ቤት ደጅ

ከቢሮው ወርደን ምሳ ለመብላት ስንሄድ በልደታ ፍርድ ቤት በኩል እናልፋለን። ወንድማችን ከፈለገ ሄዶ ይይ፤ እኛ የፈጠራ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የተማርነው እዚያ ነው፥ ከራፖር ጻፊዎች። በአጠገቡ ባሉት ጠባብ ሱቆች ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ማመልከቻና የክስ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ባለጉዳይ ይመጣል፤ እንባውም፥ ንዴቱም፥ የአሥር ዓመቱ የድንበር ጠብም አንድ ላይ ተዘርግፎ ይወጣል። ጻፊው ዝም ብሎ ይሰማል። አንዴ «መቼ ነበር?» ይላል። አንዴ «ወረቀት አለዎት እማማ?» ይላል። ከዚያ እጁን አንሥቶ «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ይልና ወደ ጽሑፉ ይገባል። ባለጉዳይዋ ዝም ትላለች። ጎረቤቱ ዝም ይላል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያ ሁሉ ለቅሶ መልክ ይዞ፥ በአንቀጽ ተከፍሎ፥ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ነገር ሆኖ ይወጣል።

እኚህን ሰው «አይሳተፍም» የሚል አለ? የሰውየው ተሳትፎ ጆሮው ነው። የንግግር ግንብ በሆነው በፍርድ ቤቱ ደጅ እንኳ፥ ከጠበቃው አንደበት በፊት የዝምተኛው ጽሑፍ ይቀድማል።

፭. ፈረንጁም ቢሆን መርምሮታል

«ይሄ የኋላ ቀር ወሬ ነው፤ ሠለጠነው ዓለም በስብሰባ ነው የሚፈጥረው» የሚል ቢመጣ፥ እሱንም አንሸሸውም።

ይህን የሐሳብ ማፍለቂያ ስብሰባ በዓለም ያሠራጨው አሌክስ ኦስቦርን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ራሱም የማስታወቂያ ሰው ነበር፤ ቢቢዲኦ ከተባለው ድርጅት መሥራቾች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው መጽሐፉ፥ ሰው ከቡድን ጋር ሲሆን ለብቻው ከሚያመጣው እጥፍ ሐሳብ ያመጣል አለ። ዓለም አመነው፤ የልደታ አለቅየውም አመኑት። ግን እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ ቴይለር፥ ቤሪና ብሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተኑት። አራት አራት ሰው በቡድን አስቀመጡ። ሌሎች አራት አራት ሰዎችን ደግሞ ለየብቻቸው አሠርተው ሐሳባቸውን በኋላ ደመሩት። ምን ተገኘ? ለየብቻ የሠሩት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሐሳብ አመጡ! ኦስቦርን ያለው «እጥፍ» ተገልብጦ ተገኘ ማለት ነው።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ1987 ዲልና ስትሮቤ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ዋናው ጠንቅ ተራ መጠበቅ ሆኖ አገኙት። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አፉን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ያቆማል። ያሰበው ይረሳዋል፥ ወይም «ይሄ አይሆንም» ብሎ ራሱ ይጥለዋል። እነሆ፥ ይህ ጉዳት የጭምቱ ብቻ አይደለም፤ አፈ ጮሌውንም ይነካዋል። እሱ ግን አያውቀውም፤ እያወራ ስለሆነ።

ግድግዳ ያፈረሱትም ቢሆኑ ያሰቡት አልሆነላቸውም። በርንስቲንና ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፥ የሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች ግድግዳ ወደሌለው ቢሮ ሲዛወሩ፥ ፊት ለፊት መነጋገራቸው 70 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሰው በር ሲያጣ ጆሮ ማዳመጫ ይሰካል፥ አጠገቡ ላለው ሰው በመልእክት ይጽፋል። ልደታም ያየነው ይህንኑ ነው። ጠረጴዛው አንድ ነው፥ ሰዉ ግን እያንዳንዱ ጆሮው ላይ የሰካው ግድግዳ አለው።

«ካልተመቻችሁ ልቀቁ» ይለን ይሆናል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ቢሮው ሲያፍነው ሥራውን ትቶ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። ልብ ወለድ ውስጥ ያምራል፤ የቤት ኪራይ ግን ልብ ወለድ አይደለም። አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቪላ አልፋን፥ ቤታቸውንም የሥዕል ሥራ ክፍላቸውንም፥ ሠርተው በዚያ ውስጥ ሠሩ። እንኳን ሠሩ! እኛ ግን ቪላ አንጠይቅም። የምንጠይቀው በር ያላትን አንዲት ክፍልና ግማሽ ሰዓት ዝምታ ነው።

፮. ግለ ሂስ

አሁን ወደ ማክሰኞዋ ስብሰባ እንመለስ። መልስ ስንሰጥ የራሳችንን ጉድ ሸፍነን መስጠት አንፈልግም።

እኅታችን ቀና ብላ ስታየን እኛ ሁለታችን ምን አደረግን? አንዳችን ደብተሩን አገላበጠ። አንዳችን በመስኮት ኮንዶሚኒየሙን አየ። ዝም አልን። ማታ ታክሲ ስንጠብቅ፥ «እኛም እንዳንቺ ነን እኮ፥ መናገር አይሆንልንም» አልናት። እሷም፥ «እኔ ስለ ራሴ መናገር አልቻልኩም። እናንተ ግን ስለ እኔ ነበር የምትናገሩት» አለችን። ሌላ አልጨመረችም። ሌላ አያስፈልግም ነበር።

ሐቁን እንናገር። ያ ዝምታችን ጭምትነት አልነበረም። ፍርሃት ነበር። የልምምድ ውጤታችንን ሰግተን፥ ቅጥሩን ተመኝተን፥ አለቅየውን እንዳናስቀይም ብለን ነው ዝም ያልነው። ጭምትነትን እንደ ጋቢ ተከናንበን ፍርሃታችንን ሸፈንበት። በዚያች ደቂቃ ወንድማችን ልክ ነው፤ ያ ዝምታ ፈሪነት ነበር። ይህን ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል፥ ግን እንጽፈዋለን።

ስለዚህ መስመሩን እናስምር። ስለ ሐሳብ መወለድ ከሆነ፥ ዝምታ መብታችን ነው። ስለ ሌላ ሰው መበደል ከሆነ፥ ዝምታ መብት አይደለም። የወንድማችን ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጉ ነው። የእኛም ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጋችን ነበር።

፯. ታዲያ ምን ይደረግ?

«ቻሉት፥ ተላመዱት» ብቻ ይበቃል አንልም። መቻልማ ችለናል! የሁለት ወር ሰኞ በሙሉ ችለናል። መቻልም ዘዴ አለው፤ ያም ሆኖ ልማዱ ራሱ ይቀየር ዘንድ እንጠይቃለን። በመጀመሪያ ለራሳችን፦

አንደኛ፥ ስብሰባ ባዶ እጅህን አትግባ። የስብሰባውን ጉዳይ ከአንድ ቀን በፊት ጠይቅ፤ ጽፈህ ግባ።

ሁለተኛ፥ የጻፍከው ላይ ስምህንና ቀኑን ጻፍ። እኅታችን ያን ጊዜ ይህን ብታደርግ ኖሮ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርላት ነበር።

ሦስተኛ፥ ሁሉን ለመናገር አትሞክር፤ አንድ ነገር ብቻ፥ ግን ቀድመህ ተናገር። ስብሰባው ከሞቀ በኋላ መግቢያ ቀዳዳ አይገኝም።

አራተኛ፥ ጸጥ ያለውን ሰዓት ያዝ። ልደታ ላይ እኛን ያዳነን ከሌላው ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ መግባት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭንቅላታችን ሲዞር ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወርደን ዛፍ ሥር አሥር ደቂቃ እንቀመጥ ነበር። ሥራ መሸሽ አይደለም፤ ቆጠራ ነው።

አምስተኛ፥ አንድ ሰሚ ፈልግ። ለአሥራ አምስት ሰው መናገር ካቃተህ ለአንድ ሰው ንገር። ነገራም የሚጀምረው ከአንድ መምህር ነው።

ስድስተኛ፥ የጓደኛህ ነገር ሲነጠቅ ግን ተነሥ። ድምፅህ ይንቀጥቀጥ፥ ግድ የለም። «ይሄ የርሷ ነው» ለማለት አንደበተ ርቱዕ መሆን አያስፈልግም። ሦስት ቃል ናት!

ነገ አለቆች ለምትሆኑት ደግሞ፥ ከእኛ መሀል አንዳንዱ መሆኑ አይቀርምና፥ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ስብሰባ ሲጀመር አሥር ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ በተራ ይነበብ። በግምገማ ቅጽ ላይ «ተሳትፎ» የምትለዋ ሣጥን ምላስን ብቻ መለካቷን ታቁም፤ የተጻፈው፥ የተሣለው፥ የታረመው ይቆጠር። ቢሮው ውስጥ አንድ በር ያለው ክፍል ይኑር፤ የሚያስብ ሰው ይግባበት።

ይህ ሲሆን አፈ ጮሌው ምን ይጎድልበታል? ምንም። ደንበኛ ፊት ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ይቁም። እኛ በርሱ ንግግር አንቀናም፤ እንዲያውም ያስደስተናል። ሲነሣ ግን «ይህ የእገሊት ሐሳብ ነው» ብሎ ይጀምር።

በ1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» ብለው ወደ ፓርላማ ወጥተው ነበር። የእኛ ጥያቄ ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ መሆኑን እናውቃለን፤ በእኩል ሚዛን አናስቀምጠውም። ግን ትንሹም ጥያቄ ከዚያው ዘር ነው፤ የለፋ ሰው የለፋበት ይሁንለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ተውሰን እንላለን፦ ሐሳብ ላሳቢው!

ይህን ጽሑፍ ከመስጠታችን በፊት እኅታችንን አስፈቅደናታል። አንብባ ሁለት ቦታ አረመችንና፥ «ስሜን ግን አትጥሩ» አለችን። አንጠራም። አንድ ነገር ግን፥ ማክሰኞ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ላይ መናገር ሲገባን ያልተናገርነውን፥ እዚህ ዘግይተንም ቢሆን እንናገራለን።

«ዝናቡ የሰማይ ነው፤ መንገዱ ግን የእርስዎ» የምትለዋ መስመር የርሷ ናት።

ከጭምቶቹ ወገን